ዝምታው ካሳውንም ያሳጣል፦ በአስቤስቶስ ለታመመ ወገን

በእኛ ቤት ካንሰር የሚለው ቃል በሹክሹክታ ነው የሚነገረው። አባት ይታመማል። ሐኪሙ ለልጅ ይነግራል። ልጆች ይማከሩና «ለአባዬ አይነገረው፣ ይደነግጥብናል» ብለው ይወስናሉ። ከፍቅር የመጣ ልማድ ነው። ነገር ግን ካንሰሩ ከአስቤስቶስ የመጣ ከሆነ ዝምታው ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ሕክምናውን ያዘገያል፣ ካሳውንም ያስቀራል። ለካሳው ዋናው ማስረጃ የበሽተኛው ትዝታ ነውና። የት ሠራ? መቼ? ምን ሰበረ፣ ምን ጠረገ፣ ከማን ጋር? ይህን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። እሱ ምን እንደያዘው ካልተነገረው ደግሞ ማን ይጠይቀዋል?

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። አሜሪካ ውስጥ፣ ዋሽንግተን አካባቢ፣ ለብዙ ዓመታት በሆስፒታልና በጠበቃ ቢሮ አስተርጓሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። ስለዚህ የምጽፈው በአብዛኛው የአሜሪካውን ነው። ዓመቶቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አስቤስቶስ ከመሬት የሚወጣ ማዕድን ነው። እንደ ክር ይሰነጣጠቃል፣ እሳት አይበላውም፣ ርካሽም ነበር። ስለዚህ ያልገባበት ቦታ አልነበረም። የሙቅ ውሃ ቧንቧ መጠቅለያ፣ የቦይለር ሽፋን፣ የኮርኒስ ልባጭ፣ የወለል ንጣፍና ማጣበቂያው፣ የመኪና የፍሬን ሸራና ፍሪሲዮን፣ የመርከብ ሞተር ክፍል። ሳይነካ ከተቀመጠ ብዙም አያሰጋም። ሲቆረጥ፣ ሲፋቅ፣ ሲሰበር ግን በዓይን የማይታይ ብናኝ ይወጣል። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። በሽታው የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከ20፣ ከ30፣ አንዳንዴም ከ50 ዓመት በኋላ ነው። ሰውየው ሥራውን ከረሳው፣ ድርጅቱም ከተዘጋ በኋላ ማለት ነው።

ብዙ ወገኖቻችን «ይሄ የድሮ ነገር ነው፣ አሜሪካ ከከለከለችው ቆየ» ይሉኛል። አይደለም። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ በ1989 ሊከለክለው ሞክሮ ነበር፤ በ1991 ፍርድ ቤት አብዛኛውን ሻረበት። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አገልግሎት ላይ የቆየውን ነጩን አስቤስቶስ፣ ክሪሶታይል የሚባለውን፣ የሚከለክለው ሕግ የወጣው በመጋቢት 2024 ነው። በአሮጌ ሕንፃዎች ውስጥ የተቀመጠውን ደግሞ ማንም አላወጣውም። ከ1980 በፊት የተሠራ ሕንፃ ሁሉ ሊኖረው ይችላል። የእኛ ሰው እዚህ አገር ሲመጣ የሚያገኘውን ሥራ አስቡት። የጽዳት ሥራ፣ የሕንፃ ጥገና፣ አሮጌ ቤት አፍርሶ ማደስ፣ ጋራዥ። ኬሚስትም ሆነ መምህር የነበረ ሰው እንግሊዝኛው እስኪስተካከል ድረስ ብሎ የሆቴል ቦይለር ክፍል ሲጠርግ ከርሟል። ባለ 9 ኢንች በ9 ኢንች የወለል ንጣፍና ከሥሩ ያለውን ጥቁር ማጣበቂያ በመፋቂያ ሲያነሳ የዋለ ሰው አስቤስቶስ ሲፍቅ እንደዋለ የነገረው የለም። እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ የጂፕሰም ግድግዳ መገጣጠሚያ የሚሞላበት ዱቄትም ነበረበት፤ ያንን ግድግዳ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ አንዱ የብናኙ ምንጭ ነው።

በሽታዎቹን ለይታችሁ እወቋቸው፣ ካሳውም ይለያያልና። ሜሶቴሊዮማ የሳንባን ወይም የሆድን ሽፋን የሚይዝ ካንሰር ነው። ዋናው ምክንያቱ አስቤስቶስ ነው፤ ሲጋራ አያመጣውም። የሳንባ ካንሰር ግን ሌላ ነው። አስቤስቶስም ሲጋራም ያመጡታል፣ ሁለቱ ሲገናኙ ደግሞ አደጋው እጅግ ይጨምራል። «አጫሽ ስለነበርኩ አይመለከተኝም» ብላችሁ አትተዉት። አጫሽ የነበረም መጠየቅ ይችላል፣ ጉዳዩ ትንሽ ይከብዳል እንጂ። ሦስተኛው አስቤስቶሲስ ነው። ካንሰር አይደለም፤ ሳንባ ጠባሳ ይይዝና ትንፋሽ ያሳጥራል።

ምልክቶቹ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም፣ የማይለቅ ሳል፣ ክብደት መቀነስ፣ በሳንባ ዙሪያ ውሃ መቋጠር ናቸው። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው ሳንባው ዙሪያ ውሃ ቋጥሮ ሲገኝ ሐኪሙ መጀመሪያ ቲቢን ቢጠረጥር አይገርምም። ይመርመር፣ ጥሩ ነው። ነገር ግን እናንተም ሳትጠየቁ የሥራ ታሪካችሁን ንገሩ። «ከ20 ዓመት በፊት አሮጌ ሕንፃ ሳፈርስ ነበር» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ሐኪሙን ወደ ሌላ ምርመራ ልትወስደው ትችላለች። ሜሶቴሊዮማ የሚረጋገጠው ከሽፋኑ ላይ ናሙና ተወስዶ በፓቶሎጂ፣ ማለትም በላቦራቶሪ በማይክሮስኮፕ፣ ሲታይ ነው። ሜሶቴሊዮማ ነው ከተባለም በሽታውን በብዛት የሚያይ ትልቅ ካንሰር ማዕከል እንዲልኳችሁ ጠይቁ፤ ብርቅ በሽታ ስለሆነ ብዙ ሐኪም በዓመት አንድም አያይም። በ2020 ለዚህ በሽታ ሁለት የኢሚውኖቴራፒ (የሰውነትን የመከላከል አቅም ካንሰሩን እንዲዋጋ የሚያነሳሱ) መድኃኒቶች አንድ ላይ እንዲሰጡ ተፈቅዷል። ያድናል አልልም። ዕድሜ የጨመረላቸው ሰዎች ግን አሉ።

አሁን ወደ ካሳው። የመጀመሪያው ነገር ይርጋ ነው፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ። ሰዎች «የሠራሁት በ1985 ነው፣ ጊዜው አልፏል» ብለው ይተዉታል። በአብዛኛው ግን ጊዜው የሚቆጠረው ከሠራችሁበት ቀን ሳይሆን በሽታው ከታወቀበት ነው። ከዚያ በኋላ ግን አጭር ነው። ካሊፎርኒያ በመሠረቱ አንድ ዓመት ነው። ቨርጂኒያ ሁለት፣ ሜሪላንድ ሦስት። ቨርጂኒያ ደግሞ የሚቆጠረው ሐኪም ምርመራውን ለበሽተኛው ወይም ለወኪሉ ከነገረበት ቀን ጀምሮ ነው። ስለዚህ «ለአባዬ አልነገርነውም» ማለት ሰዓቱን ያቆመዋል ብላችሁ አትተማመኑ። በሽተኛው ከሞተ ለቤተሰቡ ሌላ የጊዜ ገደብ አለ፣ እሱም አጭር ነው። የለቅሶው ዓመት ሳይወጣ ሊያልፍ ይችላል። ተዝካር እስኪወጣ አትጠብቁ።

ማንን ነው የምትከሱት? ብዙ ሰው የሚፈራው እዚህ ላይ ነው። «ያበላኝን ሰው እንዴት እከሳለሁ» ይላሉ፣ በተለይ አሠሪው የአገራችን ሰው ከሆነ። ጉዳዩ ግን በአብዛኛው ከአሠሪው ጋር አይደለም። አሠሪን በተለመደው ፍርድ ቤት መክሰስ ብዙ ጊዜ አይቻልም፤ ለእሱ ወርከርስ ኮምፐንሴሽን የሚባለው የሠራተኛ ጉዳት ካሳ አለ፣ የራሱ ገደብም አለው። ክሱ የሚቀርበው አስቤስቶስ ያለበትን ዕቃ አምርተው፣ አደጋውን እያወቁ ሳያስጠነቅቁ በሸጡ ኩባንያዎች ላይ ነው። ከእነሱ ብዙዎቹ ከስረዋል። ትልቁ አምራች ጆንስ ማንቪል በ1982 ኪሳራ አወጀ፤ በ1988 ለተጎጂዎች የሚከፍል ትረስት ፈንድ ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ተከትለው ዛሬ እንዲህ ዓይነት ፈንዶች በደርዘን የሚቆጠሩ ናቸው። ለእነዚህ ፍርድ ቤት መቆም አያስፈልግም። ማመልከቻ፣ የሐኪም ማስረጃና ዕቃውን የት እንዳገኛችሁት የሚያሳይ ማስረጃ ነው የሚጠይቁት። አንድ በሽተኛ ከብዙ ፈንድ ሊጠይቅ ይችላል፣ በሥራ ዘመኑ የነካው ዕቃ ብዙ ስለሆነ። አንዳንዶቹ ገንዘባቸው እንዳያልቅ ከተመደበው ዋጋ ጥቂት በመቶውን ብቻ ይከፍላሉ። ስለዚህ ቴሌቪዥን ላይ የምትሰሙትን የሚሊዮን ዶላር ወሬ አትመኑ።

ወረቀት የለኝም ብሎ የሚፈራም አለ። የመኖሪያ ፈቃድ አለመኖር የፍትሐ ብሔር ክስ ከማቅረብ አይከለክልም። ለጠበቃችሁ ግን እውነቱን ንገሩት። እሱ ሚስጥር የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

ማስረጃው ላይ ረዘም ላድርገው፣ የእኛ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነውና። የአሜሪካው የጡረታ መሥሪያ ቤት፣ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ከጠየቃችሁት በየዓመቱ የት ተቀጥራችሁ እንደነበር የአሠሪውን ስም ጭምር ዘርዝሮ ይሰጣችኋል። ተራው ስቴትመንት ሳይሆን ዝርዝሩ ነው፣ በቅጽ ይጠየቃል፣ ይከፈልበታል። በካሽ የሠራችሁት ግን እዚያ ላይ የለም። ለእሱ የሥራ ባልደረባ ምስክር ያስፈልጋል። አብሯችሁ ወለል የፈነቀለውን ልጅ ፈልጉት። ዕድሩ ውስጥ ጠይቁ፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ጠይቁ። የድሮ ፎቶ፣ የሥራ ባጅ፣ የደመወዝ ቼክ ቁራጭ፣ ሁሉም ይጠቅማል። የስማችንም ነገር አለ። የእኛ ሰው አንዱ ወረቀት ላይ በራሱ ስም፣ ሌላው ላይ በአባቱ ስም ተመዝግቦ ይገኛል፤ የልደት ቀኑም አንድ ቦታ በእኛ፣ ሌላ ቦታ በእነሱ አቆጣጠር ነው። ይህን ተከራካሪው ከማግኘቱ በፊት ለጠበቃችሁ በዝርዝር ጻፉለት። ኢትዮጵያ ውስጥ ወይም መርከብ ላይ የሠራችሁትንም አትዝለሉ፣ የጠቅላላው ታሪክ አካል ነውና።

የሚስቶችን ነገር የሚያነሳ ስለሌለ እኔ ላንሳው። ባሏ በብናኝ የተሸፈነ ልብስ ይዞ ይመጣል፣ እሷ አራግፋ ታጥባለች። ሳትሠራበት የታመመች ሴት ብዙ አለች። በአንዳንድ ስቴት እሷም በራሷ ስም መጠየቅ ትችላለች፣ በሌሎች አይፈቀድም። ስለዚህ ሴት ስትታመም «እሷ የት አግኝታው» አትበሉ።

በሽተኛው ቃሉን የሚሰጥበት ሥርዓት አለ፤ በቪዲዮ ይቀረጻል፣ ከታመመ ቤቱ ድረስ ይመጣሉ። አቅም እያለው ቢደረግ ይሻላል፣ ጠበቃውን በዚህ ጉዳይ ወትውቱት። የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። ልጅ አያስተርጉም። ልጅ አባቱን ለማሳረፍ ብሎ ያሳጥራል፣ አባትም በልጁ ፊት የደረሰበትን ውርደት ሁሉ አይናገርም። ቃሉ ደግሞ አንድ ጊዜ ከተሰጠ በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው።

ጠበቃ ስትመርጡ በቅድሚያ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን ተዉት። በዚህ ዓይነት ጉዳይ የተለመደው ከተገኘው ካሳ ላይ በመቶኛ መውሰድ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከሢሶ እስከ 40 በመቶ። ይህን ጠይቁ፦ መቶኛው የሚሰላው ወጪው ከመቀነሱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ብንሸነፍ ወጪውን ማን ይችላል? ጉዳዩን ራስህ ትይዘዋለህ ወይስ ለሌላ ትሰጠዋለህ? በማስታወቂያ የምታዩት ስልክ ሁሉ የጠበቃ ቢሮ አይደለም፤ ስማችሁን ሰብስበው የሚሸጡም አሉ። ፈቃዱን በስቴቱ የጠበቆች ማኅበር ድረ ገጽ አረጋግጡ። ሆስፒታል አልጋ አጠገብ መጥቶ «እዚህ ላይ ፈርሙልኝ» የሚላችሁ ሰው፣ አማርኛ ተናጋሪም ቢሆን፣ ዘመድም ቢሆን፣ አትፈርሙለት።

እንግሊዝ አገር ያላችሁ ሕጋችሁ ሌላ ነው። እዚያ የክሱ ገደብ በመሠረቱ ካወቃችሁበት ቀን ሦስት ዓመት ነው። አሠሪውም ኢንሹራንሱም ካልተገኘ በ2014 የተጀመረው ለሜሶቴሊዮማ በሽተኞች የሚከፍል የመንግሥት እቅድ አለ። ከሥራ ጉዳት የሚሰጠውን የመንግሥት ድጎማም ጠይቁ።

አንድ ከባድ ነገር አለ። ሰው ሲሞት ቶሎ መቅበር ወይም አስከሬኑን አገር ቤት መላክ ወጋችን ነው። ነገር ግን በሽታው በሕይወት እያለ በናሙና ካልተረጋገጠ አስከሬን ምርመራ ሊያስፈልግ ይችላል። ከተቀበረ በኋላ ይህን ማድረግ ለቤተሰብ ሁለተኛ ሐዘን ነው። ስለዚህ በሽተኛው በሕይወት እያለ ናሙናው በደንብ መመርመሩን፣ ሆስፒታሉም የተወሰደውን ሥጋ እንዳይጥለው በጽሑፍ መጠየቁን አረጋግጡ። ያኔ አብዛኛውን ጊዜ ከቀብሩ በፊት ሌላ ጥያቄ አይነሳም።

ገንዘቡ ሲመጣም ዝም ብሎ ኪስ አይገባም። የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን የሆኑት ሜዲኬርና ሜዲኬይድ ለሕክምናው ያወጡትን ከካሳው ላይ ይጠይቃሉ። ኤስኤስአይ (ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጠው ድጎማ) ወይም ሜዲኬይድ የምታገኙ ከሆነ ትልቅ ገንዘብ አካውንታችሁ ሲገባ ሊቋረጥባችሁ ይችላል። ለአካል ጉዳት የሚከፈል ካሳ በአብዛኛው የፌዴራል ታክስ የለበትም፣ ለቅጣት ተብሎ የተጨመረው ግን አለበት። ገንዘቡ እንዴት እንደሚቀመጥ ከጠበቃው ጋር የምትነጋገሩት ቼኩ ከመጻፉ በፊት ነው። ከተጻፈ በኋላ መንገዱ ይጠባል።