«በጣም ያምራል» አሉኝ፣ ግን አልገዙኝም
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ፣ እንዴት ኖት። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ነው የተመረቅነው፣ ያለነው አዳማ ነው። ስራ ስንፈልግ ከምንኖር የራሳችንን እንፍጠር ብለን መብራት የሚቆጥብ የእንጀራ ምጣድ ሰራን። ገበያ ላይ ያለው 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይበላል፣ የኛ 1.8 ነው፣ በዛ ላይ ሸክላ ሳይሆን ስስ አልሙኒየም ስለሆነ አንድ ሰው በአንድ እጁ ያነሳዋል። ባዛር ላይ አውጥተን ፎርም አስሞላን፣ «ይሄን ምጣድ ይገዙታል ወይ» ለሚለው አብዛኛው ሰው «አዎ» ነው ያለው፣ «በጣም ያምራል» ያላለን ሰው የለም። ከቤተሰብ ተበድረን 30 ሰራን። በአምስት ወር 4 ተሸጠ፣ ከ4ቱ ሁለቱን የገዙት ዘመዶቻችን ናቸው። ዋጋ እንቀንስ ወይስ ቲክቶክ ላይ ማስታወቂያ እናሰራ? የቱ ጋ ነው የተሳሳትነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ ነው ያነበብኩት፣ ምክንያቱም በብድር የተሰራ እቃ ቤት ተደርድሮ ማየት ምን ያህል እንደሚከብድ ስለማውቅ። ለጊዜው ዋጋም አትቀንሱ ማስታወቂያም አታሰሩ፣ የቀረችውን ብር ያዟት።

እስቲ ባዛሩን አስበው። ሶስት ወጣቶች ፀሀይ ላይ ቆመው፣ የሰሩትን እቃ እያሳዩ፣ ፎርም ዘርግተው «ይገዙታል ወይ» ሲሉት «አይ አልገዛም» ብሎ የሚፅፍ አንጀት ያለው ሰው ስንት ነው? ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ እኮ። ያ ሁሉ ሰው «አዎ» ሲል «በርቱ ልጆቼ» ማለቱ ነው፣ ምርቃት ነው የሰጣችሁ። ምርቃቱን ተቀበሉ ግን በምርቃት 30 ምጣድ አይሰራም። እኔ ደንበኛ ሳናግር «ጥሩ ነው» የምትለዋን ቃል ደብተሬ ላይ አልፅፋትም፣ ምክንያቱም ምንም አትነግረኝም።

ትልልቆቹም በዚ ተመትተዋል። ኮካ ኮላ እ.ኤ.አ. በ1985 ጣዕሙን ሊቀይር ሲል ወደ 200 ሺ ሰው አስቀመሰ፣ በጭፍን ቅምሻ አብዛኛው አዲሱን መረጠ፣ አወጡት፣ ህዝቡ ተነሳባቸው፣ በ79 ቀን ውስጥ አሮጌውን መለሱት። የቀመሰው ሰው አልዋሸም፣ የተጠየቀው ስለ አንድ ጉንጭ ነው። «የለመድከው ጭራሽ ቢወሰድብህስ» የሚለው ጥያቄ ግን የሚገባውን ክብደት አላገኘም። እናንተም የጠየቃችሁት ስለ መጪው ጊዜ ነው፣ ሰው ደግሞ ስለወደፊቱ ሲጠየቅ መሆን የሚፈልገውን ሰው ሆኖ ነው የሚመልስ። ያለፈውን ጠይቁት። «ለመጨረሻ ጊዜ የጋገራችሁት መቼ ነው? ማን ጋገረ? ስንት እንጀራ ወጣ? መሀል ላይ ምን ተፈጠረ? አሁን ያለውን ምጣድ መቼ ገዛችሁ፣ ማን ከፈለ፣ ሌላ ሱቅ አይታችሁ ነበር?» እዚህ ላይ ይሉኝታ ብዙ ቦታ የለውም፣ የሆነውን ነው የምትሰማ።

ከዛ በኋላ ደግሞ መጠየቁንም ትታችሁ ማድ ቤት ግቡ። የመጋገሪያ ቀን ጠይቃችሁ፣ ስኳርና ቡና ይዛችሁ፣ እናትህን ወይ እህትህን አስከትለህ (ሶስት ወንድ ማድ ቤት በር ላይ ሲቆም ሴትየዋ እንደ ልቧ አትሆንም) አንድ ጥግ ቁጭ ብላችሁ ከመጀመሪያዋ እስከ መጨረሻዋ እንጀራ እዩ። እኔ የማስበውን ልንገርህ፣ እናንተ ደግሞ ሄዳችሁ አረጋግጡት።

አንደኛ ነገር ሴትየዋ ዋት አትቆጥርም፣ እሷ የምትቆጥረው አይን ነው። እንጀራው አይን ካላወጣ መብራት ቆጠበ አልቆጠበ ለሷ ወሬ ነው፣ ለእንግዳ አታቀርበውማ። ሊጥ ሲፈስ ብዙ ውሀ ይዞ ነው የሚፈሰው፣ ያ ውሀ ሲተን ከምጣዱ ሙቀት ይወስዳል፣ ሸክላ ሙቀት አምቆ ስለሚይዝ ይቋቋመዋል፣ ስስ አልሙኒየም ግን ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ 1.8 ኪሎዋት ደግሞ መልሶ እስኪያሞቀው ጊዜ ይወስዳል። ይሄን ፊዚክስ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ። ግን ማድ ቤት ውስጥ ምን እንደሚመስል አይተኸዋል ወይ? 30 እንጀራ የምትጋግር ሴት በየእንጀራው መሀል ትንሽ ትንሽ ስትጠብቅ አንድ ሰአት ይጨመርባታል፣ ኩፍ ያለው ሊጥ እየኮመጠጠ ይሄዳል፣ ወገቧ ይቆማል፣ ልጅ ያለቅስባታል። እናንተ ከቆጣሪው ላይ ብር ስትቆጥቡላት ከእድሜዋ ላይ ሰአት ወሰዳችሁባት ማለት ነው። ደግሞ ሸክላን እሷ በጎመንዘር አሟሽታ፣ ቀን ቆጥራ፣ እጇ ለምዶት ነው የሚታዘዛት፣ «ማሟሸት አያስፈልገውም» ስትላት ምናልባት አንተ ጥቅም ነው ያልከው እሷ ግን «እንግዲህ ይሄ ነገር ምጣድም አይደል» ብላ ይሆናል የሰማችህ።

ሁለተኛ፣ ከፋዩ ማነው ጋጋሪዋ ማነች? ብዙ ቤት የሚጋግረው ሌላ፣ የሚከፍለው ሌላ፣ «የእገሌን አይነት ግዙ» የሚለው ደግሞ ሌላ ነው። የመብራት ሂሳብ ታሪፉ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ስለጨመረ ከፋዩን ያሳስበዋል፣ ሰራተኛዋን ግን አያሳስባትም፣ እሷ ምጣዱን በሳምንቱ «ይሄ እምቢ አለኝ» ካለች አለቀ። ከሁለቱም ጋር ለየብቻ ካላወራችሁ አንዱን ትስታላችሁ።

አሁን ደስ የሚለውን ልንገርህ፣ ምክንያቱም እቃችሁ ከንቱ ነው ብዬ አላምንም። አንድ ቆጣሪ ለአምስት ስድስት ተከራይ በሆነበት ግቢ ኖረህ ታውቃለህ? 3.5 ኪሎዋት በ220 ቮልት 16 አምፔር አካባቢ ይስባል፣ አንዷ ምጣድ ስትሰካ አንዷ ምድጃ ስትሰካ ብሬከሩ ይጥላል፣ አከራይዋ ትቆጣለች፣ «ምጣድ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ» ወይ ጭራሽ «ምጣድ አይቻልም» ተብሎ የተከራየ ሰው ሞልቷል። እነዚህ ሰዎች ቤት በቀየሩ ቁጥር ሸክላው እንዳይሰነጠቅ ታቅፈው ነው የሚሄዱ። በአንድ እጅ የሚነሳ፣ ብሬከር የማይጥል፣ አስር እንጀራ ብቻ ለሚጋግር ሁለት ሰው የሚሆን ምጣድ፣ ለነዚህ ሰዎች ሌላ ነገር ነው። እዚህ ቤት ችግሩ የመብራት ብር አይደለም ማለት ነው፣ የአከራይ ፊት ነው። እንደዛ ከሆነ ለገዢ የምትነግሩት «መብራት ይቆጥባል» የሚለው ሁሉ መቀየር አለበት። ግን ደግሜ እላለሁ፣ ይሄ የኔ ግምት ነው፣ ግምቴን ይዛችሁ ሌላ 30 እንዳትሰሩ! አስር ተከራይ ቤት ሂዱ።

ስልክ ላይ እንኳን እንዲ ነው የሆነው። ኖኪያ 1100 እ.ኤ.አ. በ2003 ሲወጣ ካሜራ የለው ቀለም የለው፣ ግን ባትሪ (የሚበራውን ማለቴ ነው) ነበረው፣ አቧራ የማያስገባ ቁልፍ ነበረው፣ እጅ ላይ አያንሸራትትም። ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። «ስልክህ ምን ይጎድለዋል» ተብሎ ቢጠየቅ «መብራት» የሚል ሰው ነበር ብዬ አላስብም፣ ግን ማታ መብራት ጠፍቶ ቁልፍ በዳበሳ የሚፈልግን ሰው ያየ ሰው ሳይጠይቅም ያውቀዋል። ቴክኖም በኋላ ሁለት ሲም፣ የአማርኛ ኪቦርድ፣ የጠቆረ ፊት አጥርቶ የሚያነሳ ካሜራ ይዞ የመጣው ሰው እንዴት እንደሚጠቀም ተመልክቶ ነው።

ስለ ዋጋ ቅነሳው፦ የህንዱ ታታ ናኖ እ.ኤ.አ. በ2009 የአለም ርካሹ መኪና ተብሎ ነው የወጣው፣ 2018 ላይ ማምረት ቆመ። ከምክንያቶቹ አንዱ ብዬ የማምነው፣ ሰው ከሞተር ሳይክል ወደ መኪና ሲያድግ ጎረቤት እንዲያይለት ይፈልጋል፣ «ርካሹን ገዛ» መባል ግን አይፈልግም። ምጣድም ሙሽራ ይዛው የምትገባ እቃ ነው፣ በርካሽነቱ ብቻ ካስተዋወቃችሁት እናት ለልጇ አትገዛውም።

እንግዲህ 26ቱ ምጣድ አለ አይደል? እሱ አሁን የምርምር እቃችሁ ነው። ለአስር ቤት ለሁለት ሁለት ሳምንት አውሱት፣ በነፃ። መልሳችሁ ልትወስዱ ስትመጡ የሴትየዋን ፊት እዩ። «ውሰዱት በጣም ያምራል» ካለች ታውቃላችሁ። «እስቲ ለዚህ ሳምንት ተዉልኝ» ካለች ያኔ «ቀብድ ያስቀምጡ» በሏት። ቀብድ ያስቀመጠ ሰው ነው «እገዛለሁ» ያለ፣ የፎርሙ ምልክት አይደለም። ብሩን ከየት እንደምታመጣም ጠይቁ፣ ብዙ ቤት እንዲህ አይነት እቃ የሚገዛው ዕቁብ ሲወጣ ስለሆነ ጊዜውን ካወቃችሁ በዛው መሄድ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ፣ የምፅፍልሽ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ነርስ ነኝ። አዲስ አበባ ላሉ ወላጆች ከዚህ ሆነን በየወሩ አስቤዛ የምናዝበት አፕ ከአንድ ዴቨሎፐር ጋር እያሰራሁ ነው፣ ዘይት፣ ጤፍ፣ መድሀኒት ቤት ድረስ ይሄዳል። እዚህ ያሉ ጓደኞቼን ሁሉ ጠይቄ ሁሉም «መቼ ነው የሚጀምረው» ነው የሚሉኝ። ሀገር ቤት ያሉትንም መጠየቅ አለብኝ ወይስ ከፋዩ ዲያስፖራው ስለሆነ ይበቃል? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ አይበቃም የኔ እህት። ያንቺ ደንበኛ ሁለት ነው፣ አንዱ ካርዱን የሚያወጣ አንዱ በር ከፍቶ የሚቀበል፣ ያልጠየቅሽው ደግሞ በር የሚከፍተውን ነው።

እናትሽን በስልክ ጠይቂያት፣ «ምንም አልጎደለኝም ልጄ ራስሽን ጠብቂ» ነው የምትልሽ። ስለዚህ በስልክ አይሆንም፣ በቅርብ የምታምኚውን ሰው ላኪ፣ የሰፈሩን ባለሱቅ ጠይቂ፣ አብራት ያለችውን ልጅ ጠይቂ። ባለፈው ወር የላክሽላት ብር የት የት ሄደ? እኔ ብዙ እናቶች ጋር ያየሁትን ልንገርሽ፣ ብሩ ዘይትና ጤፍ ብቻ አይሆንም፣ እድር ይከፈልበታል፣ ለታመመ ጎረቤት ይያዝበታል፣ ለቤተክርስቲያን ይሰጥበታል፣ የእህት ልጅ ደብተር ይገዛበታል። ያ ብር እናትሽን በሰፈር ውስጥ ሰጪ ያደርጋታል። አስቤዛ ሲመጣላት ግን ተቀባይ ብቻ ትሆናለች፣ ምን እንደምትበላም ሜሪላንድ ተወሰነ ማለት ነው። ይሄ እኔን በጣም ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም «መቼ ነው የሚጀምረው» የሚሉሽ ጓደኞችሽ የሚፈልጉት የራሳቸውን ሀሳብ ማሳረፍ ነው፣ እሱም ትክክል ነው፣ ግን የእናቶቹ ፍላጎት ሌላ ሊሆን ይችላል። ምናልባት መፍትሄው እናትየው ራሷ ባለሱቁ ጋ ሄዳ የምትመርጥበት፣ አንቺ የምትከፍይበት ይሆናል። ወይ ደግሞ መድሀኒት ብቻ ይሆናል፣ የደም ግፊት ክኒን ከገበያ ሲጠፋ የሚያስጨንቃቸው ሁለቱንም ወገን ነውና።

ኬንያ ላይ ኤም ፔሳ በ2005 እ.ኤ.አ. ናይሮቢና ቲካ ላይ ሲሞከር የታሰበው ሰው የማይክሮ ፋይናንስ ብድሩን በስልክ እንዲከፍል ነበር። ሰዎቹ ግን ብሩን እርስ በርስ መላላክ ጀመሩ። አዘጋጆቹ «ለዚህ አልሰራነውም» ብለው አልዘጉትም፣ ያዩትን ይዘው በ2007 ብር ወደ ቤተሰብ መላኪያ አድርገው አወጡት። አንቺም አፑ ሳያልቅ አስር ቤተሰብ ይዘሽ ሁለት ወር በቴሌግራምና በአንድ ባለባጃጅ ሞክሪው፣ ለዴቨሎፐሩ ብዙ ሳትከፍዪ ሰዎቹ ወዴት እንደሚያጠማዝዙት ታያለሽ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። መርካቶ ጫማ ስሰራ 30 አመት አልፎኛል። ልጄ ዩኒቨርስቲ ጨርሶ መጥቶ አዲስ የክረምት ጫማ ከማውጣታችን በፊት «ሰርቬይ እናድርግ፣ ደንበኛ እንጠይቅ» እያለ ይከራከረኛል። እኔ ደንበኛዬን አውቀዋለሁ። ማን ነው ልክ? (አንድ አባት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። 30 አመት ቀላል አይደለም፣ እጅዎ የሚያውቀውን ነገር ምንም ሰርቬይ አይተካውም። ልጅዎም ግን አልተሳሳተም፣ የሚጠይቅበት መንገድ ነው የሚስተካከለው። እርስዎ የሚያውቁት ሱቅ መጥቶ የገዛዎትን ሰው ነው። አንዴ ገዝቶ ያልተመለሰውን አያውቁትም፣ እሱም ለምን እንዳልተመለሰ መጥቶ አይነግርዎትም፣ ያፍራል ወይ ይሰለቻል።

የሚያውቅ ሰው ግን አለ፣ ሊስትሮው። የጫማው ሶል የቱ ጋ እንደሚለቅ፣ ክሩ የቱ ጋ እንደሚበጠስ፣ ውሀ በየት እንደሚገባ፣ የትኛው ቀለም ጭቃ ሲነካው እንደሚገረጣ በየቀኑ ጉልበቱ ላይ አድርጎ የሚያየው እሱ ነው። ሜክሲኮም ይሁን መገናኛ፣ ሰው የሚበዛበት ታክሲ መያዣ ጋ ያሉ ሶስት አራት ሊስትሮዎች ጋ ጫማዎን እያስጠረጉ ቁጭ ይበሉ፣ የሚገባቸውን ይክፈሏቸው፣ እርስዎ የሰሩት ጫማ ሲመጣም ዝም ብለው ይዩ እንጂ «የኔ ነው» እንዳይሉ፣ ካሉ ልጆቹ ያከብሩዎትና እውነቱን አይነግሩዎትም። ከአዳማ ለፃፈው ወንድማችንም ይሄው ነው፣ ምጣድ ጠጋኞች ጋ አንድ ሁለት ቀን ቢውል የትኛው ሽቦ ቶሎ እንደሚቃጠል ይነግሩታል።

ክረምቱ ሳይወጣ ቢጀምሩት ጥሩ ነው ጋሼ፣ ጫማ የሚለቀው አሁን ነው። ልጅዎንም ይዘውት ይሂዱ፣ እርስዎ ያዩትን እሱ ይፃፍ።