«ጉድ ኢን» ወይስ «ጉድ አት»? መስተዋድዱን ፈልጊው ከቅጽሉ ጋር

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። «ማሪድ ዊዝ» ስትዪ «ማሪድ ቱ በይ» ይሉሻል። «ጉድ ኢን» ስትዪ «ጉድ አት በይ» ይሉሻል። «ሕግ አለው ወይስ ዝም ብሎ መሸምደድ ነው?» ብለሻል። ለሆቴል ሥራ ቃለ መጠይቅ እየተዘጋጀሽ እንደሆነም ጽፈሻል።

እኔ አዋቂዎችን ማታ ማታ እንግሊዝኛ ሳስተምር ቆይቻለሁ። አስተናጋጆች፣ ነርሶች፣ ሾፌሮች፣ የባንክ ሠራተኞች ነበሩ ተማሪዎቼ። አብዛኞቹ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱን ሁሉ በእንግሊዝኛ የተማሩ ናቸው። ሰዋስው አይጠፋቸውም። እዚህች ቦታ ላይ ግን ሁሉም ይደናቀፋሉ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ሁሉን የሚገዛ ሕግ የለውም። መሸምደድም አለበት። ቁም ነገሩ ምኑን ከምኑ ጋር እንደምትሸመድጂ ማወቁ ላይ ነው።

በአማርኛ መስተዋድድ የሚጣበቀው ስም ላይ ነው። «በሒሳብ»፣ «ለልጁ»፣ «ከወንድሟ» እንላለን። «በ» ብቻዋን ቆማ አታውቅም። በዚህ ልማድ ስላደግን እንግሊዝኛ ስንናገርም ስሙን እያየን መስተዋድድ እንመርጣለን። «ሒሳብ ፊት ምን ልጨምር? ኢን? ኦን? አት?» ብለን እንጨነቃለን። እንግሊዝኛው ግን መልሱን ያስቀመጠው ቅጽሉ ጋ ነው። «ጉድ» ስለ ችሎታ ሲናገር «አት»ን ይፈልጋል። ከኋላው ሒሳብ ይምጣ፣ ምግብ ማብሰል ይምጣ፣ እንግዳ ማስተናገድ ይምጣ፣ ለውጥ የለውም።

ይህን ማየት የምትችዪው ጥያቄ ላይ ነው። «ከማን ጋር ነው የተጋባችው?» ለማለት «ሁ ኢዝ ሺ ማሪድ ቱ?» ይላሉ። ሰውየውን የሚጠይቀው ቃል መጀመሪያ ላይ ሄዷል። «ቱ» ግን «ማሪድ»ን አልለቀቀችም። «ምንድን ነው የምትፈሪው?» ሲሉም «ዋት አር ዩ አፍሬድ ኦፍ?» ነው። «ኦፍ» እዚያው «አፍሬድ» ሥር ቁጭ ብላለች። ተማሪዎቼ እዚህ ላይ «ዊዝ ሁ» ብለው ነው የሚጀምሩት። «ከማን ጋር» በአማርኛ አይነጣጠልማ! የጥያቄውን መጨረሻ ደጋግመው ሲሰሙ ግን ነገሩ ይገባቸዋል።

ስለዚህ እኔ የማስጠናው ሁለቱን እንደ አንድ ቃል ነው። እንግሊዞቹም ሲናገሩ አንድ ላይ ነው የሚያወጡት። «ጉድ አት» በፍጥነት ሲባል «ጉዳት» ሆኖ ይሰማል። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ይስቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን «ጉድ ኢን» የሚል ሰው እምብዛም አይገኝም። በዚሁ መንገድ «ኢንተረስተዲን»፣ «አፍሬደቭ»፣ «ፕራውደቭ» እያልሽ ጮክ ብለሽ በያቸው። ጆሮሽ ይያዘው። «ፕራውድ» ብቻውን ቃል አይደለም ብለሽ አስቢ፤ ልጅሽንም ሆነ ሥራሽን ከማንሳትሽ በፊት «ኦፍ» አብራ ትውጣ።

ቀጥታ መተርጎም ለምን እንደማያዋጣ በአንዷ «በ» ላሳይሽ። «በሒሳብ ጎበዝ ነው» ሲተረጎም «ጉድ አት» ነው። «በልጄ እኮራለሁ» «ፕራውድ ኦፍ» ይሆናል። «ይርጋጨፌ በቡናዋ የታወቀች ናት» ስትዪ «ፌመስ ፎር» ነው። «በክፍሉ ደስተኛ ነኝ» የሚል እንግዳ «ሃፒ ዊዝ ዘ ሩም» ይልሻል። አንዷ «በ» አራት ቦታ ተበተነች። ከ«በ» ተነስቶ የሚገኝ መልስ የለም። ከ«ጉድ»፣ ከ«ፕራውድ»፣ ከ«ፌመስ»፣ ከ«ሃፒ» ስትነሺ ግን እያንዳንዱ የራሱን ይዞ ይመጣል።

ሌላ ብዙ ጊዜ የማየው ነገር አለ፤ መምህራን ሲያነሱት ብዙም አልሰማሁም። ሰው «አይ አፍሬድ ዶግ» ሲል «ኦፍ»ን ብቻ አይደለም የጣለው። «አም»ም ጠፍታለች። ይህ የሚመጣው ከአማርኛችን ነው። እኛ ፈራሁ፣ ደከመኝ፣ ሰለቸኝ፣ ኮራሁ፣ ለመድኩ እንላለን። ሁሉም ግስ ናቸው፤ አንድ ቃል ሥራውን ይጨርሳል። እንግሊዝኛው ግን ያንኑ ስሜት ለሦስት ያካፍለዋል፤ «አም»፣ ከዚያ «አፍሬድ»፣ ከዚያ «ኦፍ»። ከፊት ያለው ግስ ሊለዋወጥ ይችላል። «ሺ ጎት ማሪድ ቱ ኤ ዶክተር» ትያለሽ። «ሂ ሉክስ ዎሪድ አባውት ሰምቲንግ» ትያለሽ። «አይ ፊል ሶሪ ፎር ሂም»ም አለ። ግሱ «ኢዝ» ይሁን «ጎት»፣ «ሉክስ» ይሁን «ፊል»፣ ቅጽሉና መስተዋድዱ አይላቀቁም።

አሁን ወደ «ማሪድ ዊዝ» ልምጣ፤ ሰዎች አርመውሽ ምክንያቱን አልነገሩሽም። «ማሪድ ዊዝ» ጨርሶ የሌለ ነገር አይደለም። «ሺ ኢዝ ማሪድ ዊዝ ቱ ችልድረን» ትክክለኛ እንግሊዝኛ ነው። ትርጉሙ ግን ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ናት ማለት ነው። የትዳር ጓደኛዋን ለመናገር «ቱ» ነው። «ኢንጌጅድ ቱ»፣ «ሪሌትድ ቱ»፣ «ሲሚላር ቱ»ም አብረዋት ይሄዳሉ። አማርኛው በነዚህ ሁሉ ላይ «ከ… ጋር» ስለሚል «ዊዝ» አፋችን ላይ ይመጣል። ተጠንቀቂ።

ሕግ ባይሆኑም የሚረዱ ዝንባሌዎች አሉ። ችሎታ ወይም ድክመት ሲሆን «አት» ይበዛል። ለሰው የምናሳየውን ጠባይ ስንናገር «ቱ» ነው፤ «ካይንድ ቱ»፣ «ሩድ ቱ»፣ «ፖላይት ቱ» እንላለን። «ኦፍ» ደግሞ ከፍርሃት፣ ከኩራት፣ ከመሰልቸት ጋር ትታያለች። ስሜት ሲሆን ሰውና ጉዳይ ይለያያሉ፤ «አንግሪ ዊዝ» ካልሽ በኋላ የተናደድሽበት ሰው ይመጣል፣ «አንግሪ አባውት» ካልሽ ግን ጉዳዩ። አሜሪካኖቹ ለሰውየው «አት» ማለት ይቀናቸዋል። «ዲፈረንት ፍሮም» ሁሉም ጋ ያስኬዳል፤ እንግሊዞች «ዲፈረንት ቱ»፣ አሜሪካኖች «ዲፈረንት ዛን» ሲሉ ብትሰሚ አትደናገጪ። አንቺ «ፍሮም»ን ያዢ።

ለቃለ መጠይቅሽ የሚበጀው ግን ይኼኛው ነው። አንዲት ተማሪዬ የሥራ ልምዷን ስትጽፍ «ሪስፖንሲብል ቱ ክሊን ሩምስ» ብላ አምጥታልኝ ነበር። ክፍሎችን የማጽዳት ኃላፊነት ነበረብኝ ለማለት ነው የፈለገችው። የተስተካከለው «ሪስፖንሲብል ፎር ክሊኒንግ ሩምስ» ነው። እዚህ ሁለት ነገር ተለውጧል። አንደኛ፣ የምትሠሪው ሥራ «ፎር»ን ይፈልጋል። «ሪስፖንሲብል ቱ ዘ ማናጀር» ቢባል ተጠሪነቴ ለሥራ አስኪያጁ ነው ማለት ይሆናል። ሁለተኛ፣ መስተዋድዱን ተከትሎ ግስ ሲመጣ «ኢንግ» ይጨመርበታል። «ጉድ አት ኩኪንግ»፣ «ኢንተረስትድ ኢን ለርኒንግ»፣ «ታየርድ ኦፍ ዌይቲንግ»። ይህችኛዋ እንኳ አስተማማኝ ሕግ ናት፤ ሳትፈሪ ተጠቀሚባት።

ችግር የምታመጣው «ዩዝድ ቱ» ናት። «አይ አም ዩዝድ ቱ ወርኪንግ አት ናይት» ብትዪ የሌሊት ሥራ ለምጃለሁ ማለትሽ ነው። «አም»ን ጥለሽ «አይ ዩዝድ ቱ ወርክ አት ናይት» ካልሽ ግን ድሮ ሌሊት እሠራ ነበር ይሆናል፤ አሁን ትቼዋለሁ የሚል ነው የሚሰማው። ሆቴል ሌሊት ሠራተኛ ይፈልጋል። በአንዲት «አም» ምክንያት ሌላ መልስ እንዳትሰጪ።

መዝገበ ቃላት አጠቃቀምሽንም ቀይሪ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉመው ትርጉሙን እንጂ አብሮ የሚሄደውን መስተዋድድ ብዙ ጊዜ አይነግርሽም። ለውጭ ተማሪ ተብሎ የተዘጋጀውን ክፈቺ። የኦክስፎርድም የካምብሪጅም በነፃ ኢንተርኔት ላይ አለ። «አፍሬድ» ብለሽ ስትፈልጊ «ኦፍ» አብራ ተጽፋ ታገኛለሽ፣ ምሳሌ ዓረፍተ ነገርም አለ። ይህ አሠራር የመጣው የተማሪ ችግር ካዩ መምህራን ነው። ሆርንቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጃፓን ውስጥ ሲያስተምር ከባልደረቦቹ ጋር ለውጭ ተማሪዎች መዝገበ ቃላት አዘጋጀ። እ.ኤ.አ. በ1942 ቶኪዮ ታተመ፤ በ1948 ደግሞ ኦክስፎርድ አሳተመው። ከትርጉሙ ሌላ ቃሉ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ያሳይ ነበር። የእንግሊዝ ልጅ ይህ እንዲነገረው አያስፈልግም። ለእኛ ግን ያስፈልገናል፤ ያ ሰው ስለገባው አመሰግነዋለሁ።

ደብተርሽ ላይ የ«ኦፍ» ዝርዝር፣ የ«አት» ዝርዝር እያልሽ አታጠራቅሚ። ያን ያደረጉ ተማሪዎቼ ፈተና ያልፋሉ፣ ሲናገሩ ግን ዝርዝሩ አይመጣላቸውም። ስለ ራስሽ እውነት የሆነ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። የምትኮሪበት ሰው ማነው? ምን ሰልችቶሻል? ሰፈርሽ በምን ይታወቃል? የራስሽ ሕይወት ስለሆነ አይጠፋሽም።

ቃለ መጠይቁ ላይ «ዋት አር ዩ ጉድ አት?» ሳይሉሽ አይቀሩም። «አይ አም ጉድ…» ብለሽ ቆም ካልሽ ስታስቢ የአማርኛው «በ» መጥታ «ኢን» ታስብልሻለች። ማሰብ ካለብሽ «አይ አም ጉድ አት…» ካልሽ በኋላ አስቢ። እዚያ ጋ ትንሽ ዝም ብትዪ ማንም ቅር አይለውም።