ከእጃቸው አትውሰዱባቸው፦ እይታቸው ስለደከመ ሰዎች ለወጣቶች የተጻፈ ደብዳቤ

ውድ ልጆቼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ እይታቸው ከደከመ ሰዎች ጋር ከሠላሳ ዓመት በላይ ከሠራሁ በኋላ ነው። ከመካከላችሁ የዓይን ሕክምናን ወይም የተሐድሶ ሙያን የምትማሩ ትኖራላችሁ። አብዛኞቻችሁ ግን ይህን ጉዳይ የምታገኙት በትምህርት ቤት ሳይሆን በቤታችሁ ነው፤ አያታችሁ አንዱን መድኃኒት ከሌላው መለየት ሲያቅታቸው፣ አባታችሁ ደረጃውን በእግራቸው እየዳበሱ ሲወርዱ፣ ወይም አብሯችሁ የሚማር ልጅ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ለማንበብ ሲታገል። ያን ጊዜ ቀድሞ የሚመጣባችሁ ሐሳብ ሥራውን ከእጃቸው መቀበል ይሆናል። ከፍቅር የሚመነጭ ስለሆነ አልነቅፈውም፤ ነገር ግን በሙያ ዘመኔ እንዳየሁት፣ ከሕመሙ ቀጥሎ ሰውን ጥገኛ የሚያደርገው ይኸው በመልካም ልብ የሚደረግ ቅሚያ ነው።

በቅድሚያ ስለ ማን እንደምጽፍ ግልጽ ላድርግ። ብዙ ሰው የሰውን ልጅ የሚያይና የማያይ ብሎ ለሁለት ብቻ ይከፍለዋል፤ በመካከሉ ያለውን ሰፊ ቦታ አያስበውም። ዝቅተኛ እይታ የምንለው በመድኃኒት፣ በቀዶ ሕክምናም ሆነ በመነጽር ሙሉ በሙሉ ሊስተካከል ያልቻለ፣ ሆኖም ለሥራ ሊውል የሚችል እይታን ነው። በዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ መሠረት፣ በተሻለው ዓይኑ ከ6/18 በታች የሚያይ ሰው መካከለኛ የእይታ ጉዳት አለበት ይባላል፤ ከ6/60 በታች ሲወርድ ጉዳቱ ከባድ ይሆናል፤ ከ3/60 በታች ሲሆን ደግሞ በዓይነ ስውርነት ይመዘገባል። 6/18 ማለት ጤናማ ዓይን ከ18 ሜትር ርቀት የሚለየውን ፊደል ይህ ሰው ለመለየት እስከ 6 ሜትር መቅረብ ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ቁጥሩ ግን የሚነግራችሁ ጥቂቱን ነው። የሬቲናቸው (በዓይን ውስጥ ከኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ንጣፍ) መሀል፣ ማለትም ማኩላው፣ በዕድሜ ምክንያት የተጎዳባቸው ሰው ፊት ለፊታቸው የቆመውን ሰው መልክ አይለዩም፤ መጽሐፍ ሲገልጡ ሊያነቡት የፈለጉት ቃል ራሱ ይሰወርባቸዋል፤ ነገር ግን የዳር እይታቸው ደህና ስለሆነ በክፍል ውስጥ ከወንበር ሳይጋጩ ይመላለሳሉ። ግላኮማ፣ ማለትም የዓይን ነርቭን የሚጎዳ ሕመም፣ የያዛቸው ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በተቃራኒው ናቸው፤ ጥቃቅን ፊደል እያነበቡ በጎናቸው ያለው የበር ጠርዝ ግንባራቸውን ይመታቸዋል። የስኳር ሕመም ሬቲናውን ሲጎዳው እይታው እዚህም እዚያም ይጎድላል፤ ከቀን ቀን ሊለዋወጥም ይችላል። ስለዚህ «ምን ያህል ያያሉ?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «ምን ምን ያያሉ? መቼስ ይጠፋብዎታል?» የሚለው የተሻለ መልስ ያመጣል። ከሁሉ በፊት ግን ሊታከም የሚችል ነገር እንዳልታለፈ በዓይን ሐኪም መረጋገጥ አለበት። የዓይን ሞራ ያለበትን ሰው ቀዶ ሕክምና እያለ በአጉሊ መነጽር ማስታገስ፣ ወይም ግላኮማ ያለበትን ሰው ጠብታውን ሲተው ዝም ብሎ ማየት ትልቅ በደል ነው።

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድ በዕድሜ የገፉ ጡረተኛ መምህር ወደ እኔ መጡ። ማኩላቸው ተጎድቶ ነበር። መምህር መሆናቸውን እንደሰማሁ የሚፈልጉት ማንበብ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ዓይናቸውን በጥንቃቄ ለካሁ፤ 20 ዳዮፕተር (የሌንስ ኃይል መለኪያ ነው) ኃይል ያለው አጉሊ መነጽር መረጥኩ፤ ትንንሽ ፊደል ሲያነቡ አይቼም ደስ ብሎኝ ሸኘኋቸው። ከወራት በኋላ ሲመለሱ መነጽሩ በመሳቢያ ውስጥ እንደተቀመጠ ነገሩኝ። «መጽሐፍስ የልጅ ልጄ ታነብልኛለች፤ እሱን እወደዋለሁ፤ እኔ የቸገረኝ ጓደኛዬ ቤት ብቻዬን መሄድ አለመቻሌ ነው» አሉኝ። አንድ ጊዜም ምን ማድረግ እንደሚፈልጉ አልጠየቅኳቸውም ነበር።

ያ ቀን ስለ ራስን መቻል የነበረኝን ሐሳብ ለወጠው። ራስን መቻል ሁሉን ነገር ብቻ መሥራት አይደለም፤ ማንም ሰው እንዲያ አይኖርም። የትኛውን በራሴ ልሥራ፣ የትኛውን ሌላ ሰው ይሥራልኝ ብሎ መወሰኑ የሰውየው ሲሆን ነው። ለእኒያ መምህር መጽሐፍ ሲነበብላቸው መስማት ጥገኝነት አልነበረም፤ ታጅቦ ወደ ወዳጅ ቤት መሄድ ግን ነበር። ከዚያ በኋላ የሠራነው ሁሉ መንገዱን የሚመለከት ነበር፤ ከፀሐይ የሚከልል ሰፊ ጥላ ያለው ባርኔጣ፣ ነጭ በትር፣ መንገዱን በክፍል በክፍል መለማመድ፣ በእግር የሚሰማውን የመሬት ለውጥና በጆሮ የሚሰማውን ድምፅ እንደ ምልክት መያዝ።

ከመሣሪያ ሁሉ አስቀድማችሁ ብርሃንን አስቡ። የስድሳ ዓመት ሰው ጤናማ ዓይን እንኳ የብሌኑ ቀዳዳ ስለሚጠብና ሌንሱ ስለሚደበዝዝ ወደ ሬቲናው የሚያደርሰው ብርሃን የሃያ ዓመት ወጣት ከሚያገኘው አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ለእናንተ የበቃው አምፖል ለእሳቸው ምሽት ነው። ሆኖም የጣራውን አምፖል ከማጠንከር ይልቅ መብራቱን ወደ ሥራው ማቅረብ ይሻላል፤ ከአንድ ሜትር ወደ ግማሽ ሜትር ያቀረባችሁት መብራት በገጹ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን አራት እጥፍ ያደርገዋል። መብራቱ ከጎን፣ በትከሻ በኩል ይምጣ፤ አምፖሉ ዓይናቸውን በቀጥታ አይመልከት። ብርሃን የሚረዳውን ያህል ያጥበረብራል፤ በሚያብለጨልጭ ወለል ላይ የሚያርፍ የመስኮት ጮራ ወለሉን ኩሬ ሊያስመስለው ይችላል። አልቢኒዝም ያለበትን፣ ማለትም ከተፈጥሮው የቆዳ፣ የፀጉርና የዓይን ቀለም የጎደለውን ልጅ ደግሞ ብርሃን መጨመር ያሠቃየዋል፤ እሱን የሚረዳው ጥቁር መነጽርና ከመስኮት ፊቱን ማዞር ነው። ከፀሐይ ወደ ጨለም ያለ ቤት ሲገቡ ዓይናቸው እስኪለምድ ጥቂት ይቁሙ፤ እናንተም አትጎትቷቸው።

ቀጥሎ የሚመጣው የቀለም ልዩነት ነው፤ ከሁሉ ርካሽ ሆኖ ከሁሉ የተረሳ። ወተት በነጭ ኩባያ ሲቀዳ ሞልቶ ሲፈስ እንጂ ሲሞላ አይታይም፤ በጥቁር ኩባያ ግን ወለል ብሎ ይታያል። የደረጃዎቹን ጠርዝ፣ በተለይም የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን፣ ከደረጃው ቀለም በሚለይ ቀለም ማስመር ብዙ አጥንት ከመሰበር ያድናል። የመድኃኒት ጠርሙሶችን በወፍራም ጥቁር ጽሑፍ፣ ወይም አንዱን በአንድ ላስቲክ፣ ሌላውን በሁለት ላስቲክ በማሰር መለየት ይቻላል። የምድጃው መዘውር የሚቆምበት ቦታ ላይ በጣት የሚዳሰስ ነጥብ ይለጠፍ። በር ወይ ሙሉ በሙሉ ይከፈት ወይ ይዘጋ፤ ገርበብ ያለ በር ጠርዙ ብቻ ወደ ሰው ስለሚዞር ከሁሉ የከፋ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ልመና አለኝ፤ ቤታቸውን አታስተካክሉባቸው። እይታው የደከመ ሰው ቤቱን የሚያውቀው በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በእጁና በልምዱ ነው። ለእናንተ የተዝረከረከ የመሰላችሁ መደርደሪያ ለእሳቸው የታወቀ ካርታ ሊሆን ይችላል። እናታቸውን ሊጠይቁ መጥተው ማዕድ ቤቱን በአንድ ከሰዓት አጽድተው፣ ደርድረውና አሳምረው የሄዱ ልጆች አውቃለሁ፤ እናትየው ጨውን ከስኳር ለመለየት ሳምንት ወሰደባቸው፤ ልጆቹን ላለማስከፋትም ምንም አልተናገሩም። ዕቃ ማንሳት ካለባችሁ ጠይቃችሁ አንሱ፤ የት እንዳኖራችሁትም እጃቸውን አስነክታችሁ አሳዩ።

ስለ ማጉላት ስታስቡ ከሁሉ ቀላሉ መንገድ መቅረብ መሆኑን አትርሱ። ከ40 ሴንቲሜትር የያዝነውን ገጽ ወደ 10 ሴንቲሜትር ብናቀርበው ፊደሉ በዓይናችን ውስጥ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አፍንጫውን ደብተሩ ላይ ደፍቶ የሚያነብን ልጅ «ዓይንህን ታጠፋለህ» ብሎ መቆጣት ከንቱ ጭካኔ ነው፤ ቀርቦ ማንበብ የደከመ ዓይንን አይጎዳውም፤ ልጁ ማንም ሳያስተምረው የራሱን መፍትሔ አግኝቷል። አጉሊ መነጽርን በተመለከተ ደግሞ ኃይሉ በጨመረ ቁጥር በአንድ ጊዜ የሚታየው ቦታ ይጠባል፤ ወደ ገጹም ይበልጥ መጠጋት ግድ ይሆናል፤ 20 ዳዮፕተር ያለው ሌንስ የሚሠራው ከገጹ 5 ሴንቲሜትር ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ትልቁን ሳይሆን ለተፈለገው ሥራ የሚበቃውን ትንሹን ኃይል ምረጡ።

አንዲት እናት ይህን ባስተማርኳቸው ጊዜ ከቦርሳቸው የታጠፈ ደብዳቤ አወጡ። እስከዚያ ቀን የሚደርሳቸውን ሁሉ የሚያነብላቸው ልጃቸው ነበር፤ ከእሱ የሚደበቅ ነገር ባይኖራቸውም የራሳቸውን ደብዳቤ በሌላ ሰው ድምፅ መስማት ሰልችቷቸው ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጅቶባቸው በዝምታ አንብበው ጨረሱት፤ አጥፈው መልሰው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

በስልክ ጉዳይ እናንተ ከእኔ ትበልጣላችሁ። ዛሬ በኪስ ያለ ስልክ በካሜራው ያጎላል፣ ቀለም ይገለብጣል፣ የተጻፈውን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ቮይስኦቨር የተባለው የማያ ገጽ አንባቢ በአይፎን ላይ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ በአንድሮይድ ስልኮች ላይም ቶክባክ ይገኛል። ስታስተምሩ ግን ስልኩ በእናንተ እጅ አይሁን። ጣታችሁ ፈጣን ስለሆነ በሦስት ሰከንድ ትጨርሱታላችሁ፤ እሳቸውም ምንም ሳይማሩ «ጎበዝ ልጅ» ብለው ይመርቋችኋል። እጃችሁን ወደ ኋላ አድርጋችሁ በቃል ብቻ ምሩ፤ ሲሳሳቱም ታገሡ።

የመሀል እይታቸው የጠፋባቸው ሰዎች ዓይናቸውን በትንሹ ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ በማዞር፣ ባልተጎዳው የሬቲና ክፍል ማየትን መለማመድ ይችላሉ። ልምምዱ አድካሚ ነው፤ በየቀኑ ለጥቂት ጥቂት ደቂቃ መደረግ አለበት። የሚያናግራችሁ ሰው ጆሮአችሁን ወይም ከራሳችሁ በላይ ያለውን ግድግዳ የሚያይ ከመሰላችሁ እናንተን ለማየት እየጣረ ነው፤ «ወደ እኔ ይዩ» አትበሉት።

ብዙ ሰው ስለማይናገረው አንድ ነገርም ልጻፍላችሁ። እይታቸው በእጅጉ የቀነሰ አንዳንድ ሰዎች የሌለ ነገር ያያሉ፤ ትንንሽ ሰዎች፣ አበባ፣ በግድግዳ ላይ የተዘረጋ ጥልፍ። ስዊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሻርል ቦኔ የአያቱን ተሞክሮ በ1760 እ.ኤ.አ. ስለጻፈ ሁኔታው በስሙ ይጠራል። ከዓይን በቂ መልእክት ያጣው አእምሮ በራሱ ሥዕል ሲሠራ የሚመጣ እንጂ እብደት አይደለም። አዛውንቶች ግን አእምሮዬን ሳትኩ ብለው ስለሚፈሩ ለማንም ሳይናገሩ ይሠቃያሉ። በእርጋታ ጠይቋቸው፤ ለሐኪማቸው እንዲነግሩም አበረታቷቸው። አንዲት አዛውንት ስሙ የታወቀ ነገር መሆኑን ስነግራቸው እፎይ ብለው ያለቀሱትን አልረሳም።

በመንገድ ላይ ስትረዱ ክንዳቸውን ይዛችሁ አትግፏቸው። መጀመሪያ እርዳታ ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቁ፤ ከፈለጉ ክንዳችሁን ስጧቸውና ከክርናችሁ ከፍ ብሎ ይያዙት፤ እናንተ ግማሽ እርምጃ ቀድማችሁ ስትሄዱ የሰውነታችሁ እንቅስቃሴ መውጣት መውረዱን አስቀድሞ ይነግራቸዋል። ነጭ በትርን በተመለከተ፣ ጥቂት የሚያዩ ሰዎች ከሁሉ ይልቅ የሚሸሹት እሱን ነው፤ «እኔ እኮ ዓይነ ስውር አይደለሁም» ይላሉ። አታስገድዷቸው፤ ግን በትሩ መሬት ለመዳበስ ብቻ እንዳልሆነ ንገሯቸው። በ1921 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ የሚኖር ጄምስ ቢግስ የተባለ በአደጋ ዓይኑን ያጣ ፎቶግራፍ አንሺ በትሩን ነጭ ቀለም የቀባው በቤቱ ዙሪያ የሚያልፉ ተሽከርካሪዎች እንዲያዩት ብሎ ነው። ነጭነቱ ለሌላው ሰው ዓይን የተሰጠ ምልክት ነው።

ጥቂት የሚያይ ሰው ከሁሉ የሚያቆስለው በማስመሰል መጠርጠር ነው። ጠዋት ጋዜጣ ያነበበ ሰው ማታ ደክሞት አንድ መስመር ላያነብ ይችላል፤ ወለል ላይ የወደቀ መርፌ ያነሳ ሰው የወንድሙን ፊት ላይለይ ይችላል፤ በመንገድ ላይ ሰላምታችሁን ሳይመልስ ቢያልፍ ኩራት አይደለም። እናንተ ስትቀርቡ ስማችሁን ተናገሩ፤ «ማን እንደሆንኩ ይገምቱ» እያላችሁ አትፈትኗቸው፤ ከክፍሉ ስትወጡም መውጣታችሁን ንገሯቸው፤ ባዶ ወንበር እያናገሩ እንዳይቀሩ።