መልስ፦ ኮሮላ ዲኤክስ ላይ 1ዩዚ ቪ8 መግጠም

ወንድሜ፣ ኮሮላ ዲኤክስህ ላይ የሌክሰስ 4 ሊትር 1ዩዚ ቪ8 ገጥመህ ለውድድር ማዘጋጀት ይቻል እንደሆነ ጠይቀሃል። ይቻላል፤ ወሳኙ ሞተሩ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ወደ ኋላና ወደ ታች አስገባው፤ ሞተሩንና ጋቢናውን የሚለየውን ላሜራ ለመቁረጥ አትሳሳ። አፍንጫው ላይ ከተከመረ መኪናው ኩርባ ላይ አይታዘዝህም። ኮፓው (ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት መያዣ) ከመሪው ዘንጎች ጋር ከተጋጨ ኮፓውን ቆርጠህ አስበይደው፣ የመሪውን ዘንግ ግን እንዳትነካ።

ሞተሪኖውን (ሞተር ማስነሻውን) ሞተሩ መሬት ላይ እያለ ቀይረው። በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መካከል፣ አየር ወደ ሲሊንደሮቹ ከሚያስገባው ኢንቴክ ማኒፎልድ ስር ስለሆነ በኋላ ቢበላሽ ማኒፎልዱን ማውረድ ግድ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ላይ ነው። በአዳፕተር ከሞተሩ ጋር ስታያይዘው የካምፓናው (ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ደወል መሰል ሽፋን) መሃል ከክራንክ ሻፍቱ (ከሞተሩ ዋና ዘንግ) መሃል ከ0.13 ሚሊ ሜትር በላይ መራቅ የለበትም፤ በዳያል ጌጅ (ጥቃቅን ልዩነት በሚያሳይ ባለ መርፌ መለኪያ) ለካው። ከዚያ ካለፈ የካምቢዮው የፊት ኩሽኔታ ያልቃል፣ ማርሹም ይዘላል። ካምቢዮው 3 ዲግሪ ወደ ታች ካዘነበለ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ያንኑ ያህል ወደ ላይ ይይ። ልዩነቱ ከ1 ዲግሪ ከበለጠ በፍጥነት ይንቀጠቀጣል፣ ክሮቼራም (የማስተላለፊያው ዘንግ መገጣጠሚያ) ይበላል። ስትለካ መኪናው በጎማው ይቁም፤ ክሪክ ላይ የተለካ አይታመንም።

የፋብሪካው ዲፈረንሻል ይህን ጉልበት አይችልም፤ የሂሉክስ አሳጥረህ ግጠም። ኮፓው ውስጥ ዘይቱን የሚያግዱ ላሜራዎች አስበይድ፤ ረጅም ኩርባ ላይ ዘይቱ ወደ ጎን ሸሽቶ ፓምፑ አየር ከሳበ ብሮንዚኖቹ (ክራንክ ሻፍቱ የሚዞርባቸው ስስ ብረቶች) ወዲያው ይቃጠላሉ።

ምርጫ ካለህ ቪቪቲ (የቫልቮቹን መክፈቻ ጊዜ የሚቀያይር ሥርዓት) የሌለውን የመጀመሪያውን ስሪት ግዛ፤ የታይሚንግ ቺንጋው (ቫልቮቹን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያስኬደው) ቢበጠስ ቫልቭ አያጣምም።