ቴስቲንግን ለመጨረሻ 2 ሳምንት ስለማቆየት

«የ3 ወር የሶፍትዌር ፕሮጀክት አለን፤ የመጨረሻዎቹ 2 ሳምንታት ለቴስቲንግ (ለፍተሻ) ይበቃሉ ወይ? ቴስተሩስ እስከዚያ ምን ይሠራል?» ብለሽ ለጠየቅሽው፣ ከደረሰብኝ ተነስቼ ልመልስልሽ።

አይበቃም። ኮዱ ሲዘገይ ሁሌም የሚቆረሰው ከመጨረሻው ጊዜ ላይ ነው። 2 ሳምንት ያላችሁት 4 ቀን ሆኖ ታገኙታላችሁ።

እኛም እንደዚያ ነበር የምንሠራው። አንድ ሲስተም ላይ ሪኳየርመንቱ (ሲስተሙ ምን መሥራት እንዳለበት የሚገልጸው ጽሑፍ) «ለ90 ቀን ያልተጠቀመ ደንበኛ አካውንቱ ይዘጋል» ይላል። ሁላችንም አንብበነዋል፤ ግልጽ መስሎናል። ቴስተሯ የገባችው ሲስተሙ ሪሊዝ ሊደረግ (ለተጠቃሚ ሊለቀቅ) 9 ቀን ሲቀረው ነው። ገና ከመጀመሯ «መጠቀም ማለት ምን ማለት ነው? ሎግኢን ማድረግ ነው ወይስ ክፍያ መፈጸም?» አለች። ዝም አልን። ኮዱን የጻፈው ልጅ በክፍያ ቆጥሮታል። አሠሪዎቹ የፈለጉት ሎግኢኑን ነበር። ዳታቤዙ ደግሞ የመጨረሻውን ሎግኢን ቀን ጭራሽ አይመዘግብም! ጥያቄዋ በመጀመሪያው ሳምንት ብትነሳ በ5 ደቂቃ ታልቅ ነበር። 9 ቀን ሲቀር ግን ቴብሉንም፣ ኮዱንም፣ ሪፖርቱንም ነካካን። ሪሊዙም ተራዘመ።

ስለዚህ ቴስተሩ እስከዚያ ሥራ አያጣም። እያንዳንዱን ሪኳየርመንት ይዞ «ይሄ መሥራቱን በምን አውቃለሁ?» ይላል። መልስ ካጣ ችግሩ ያለው ሪኳየርመንቱ ላይ ነው፤ ኮድ ሳይጻፍ ተገኘ ማለት ነው። ለእኔ ከሥራው ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው።

ጥፋቱን ዋተርፎል ላይ (ሥራውን ደረጃ በደረጃ ሠርቶ ቴስቲንጉን መጨረሻ ላይ በሚያደርገው አሠራር ላይ) የሚጥሉ አሉ። የዚህ አሠራር አባት የሚባለው የሶፍትዌር ባለሙያ ዊንስተን ሮይስ ግን ገና በ1970 በጻፈው ጽሑፍ፣ ቴስቲንግ መጨረሻ ላይ ብቻ ሲመጣ አደገኛ እንደሆነ አስጠንቅቆ ነበር። አጃይል ነን (ሥራውን በአጫጭር ዙሮች እንሠራለን) እያሉ ቴስቱን ስፕሪንቱ (አንዱ ዙር) በሚያልቅበት ቀን የሚቆልሉም አይቻለሁ። ያው ነው።

«ይሄ ኮድ ድሮም ሠርቷል» የሚል ሰው ካለም አትስሙት። በ1996 አሪያን 5 ሮኬት በተነሳ በ40 ሰከንድ ገደማ ወደመ። ከአሪያን 4 የመጣ ኮድ 64 ቢት ቁጥርን ወደ 16 ቢት (አነስ ያለ ቁጥር ብቻ ወደሚይዝ ቦታ) ሲቀይር ቁጥሩ ከልኩ በላይ ሆነበት። ኮዱ በአሮጌው ሮኬት ላይ ችግር አልነበረበትም። በአዲሱ የበረራ መስመር ግን አልተፈተሸም።

የ2ቱን ሳምንታት አትሰርዟቸው። ሲስተሙን አንድ ላይ አገጣጥሞ፣ ብዙ ሰው ሲገባበት ምን እንደሚሆን ማየት ያኔ ነው የሚቻለው። ቴስተሩን ግን በሚቀጥለው የሪኳየርመንት ስብሰባ ላይ ጥሩት።