ያረጀ ኮንቴይነር መዋኛ ገንዳ ይሆናል ወይ?

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ የአንድ ሰፈር ወጣቶች ነን። አንድ ነጋዴ ዕቃ ሲያከማቹባቸው የቆዩ ሁለት ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነሮችን ለልጆች መዝናኛ እንድናውላቸው ሰጥተውናል። በኒውዮርክ የቆሻሻ ማንሻ ገንዳዎችን መዋኛ እንዳደረጓቸው ሰምተን አንዱን እንደዚያ ልናደርገው አስበናል፤ በያጁም ጣራውን በአንድ ቀን ቆርጦ እንደሚያስረክበን ነግሮናል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ የሰማችሁት እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በብሩክሊን እንዲህ ያሉ የብረት ገንዳዎች ውስጣቸው ላስቲክ ለብሶ፣ ዙሪያቸው የእንጨት መድረክ ተሠርቶላቸውና የውኃ ማጣሪያ ተገጥሞላቸው ለዋና ውለዋል፤ በተከታዩ ዓመት በነሐሴ ደግሞ የኒውዮርኩ ፓርክ አቬኑ ለመኪና ዝግ በሆነባቸው ቅዳሜዎች ሦስት ገንዳዎች እዚያው አስፋልቱ ላይ ተቀምጠው ሕዝብ ዋኝቶባቸዋል። ነገር ግን የዚያ ሥራ ልቡ ማጣሪያው እንጂ ሣጥኑ አልነበረም፤ የበያጁ የአንድ ቀን ሥራም ከጠቅላላው ትንሹ ነው።

ሒሳቡን እንመልከተው። የባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ውስጡ 5.9 ሜትር ርዝመትና 2.35 ሜትር ስፋት አለው። ውኃው 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ ከ8 ሺህ ሊትር በላይ፣ ማለትም ከ400 በላይ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይፈልጋል። ጥልቀቱ ወደ 1 ሜትር ሲያድግ ውኃው ብቻውን 14 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ እያንዳንዱን ረጅም ግድግዳም ወደ 3 ቶን በሚጠጋ ኃይል ወደ ውጭ ይገፋል። ግድግዳውን ከላይ አስሮ የያዘው የጣራው ጠርዝ ብረት ስለሆነ፣ ጠርዙ አብሮ ከተቆረጠ ግድግዳው ማበጡ አይቀርም። ውኃው በየጊዜው ካልተጣራና በክሎሪን ካልታከመም በኮምቦልቻ ሙቀት ፈጥኖ አረንጓዴ ይሆናል። (ደሴ ላይ ቢሆን ኖሮ ችግሩ የልጆቹ ጥርስ መንቀጫቀጭ በሆነ ነበር።) ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ይህን ያህል ውኃ ለዋና ማዋሉ ጎረቤትንም ያስቀይማል ብዬ እሰጋለሁ።

ስለዚህ የመዋኛውን ሐሳብ ተዉትና ኮንቴይነሩን በተፈጥሮው፣ ማለትም ጣራና ግድግዳ ያለው ሣጥን አድርጋችሁ ተጠቀሙበት። አንዱ ንባብ ቤት፣ ሌላው አንድ ጎኑ ተከፍቶ የቴአትርና የሙዚቃ መድረክ ቢሆን ከገንዳ ይልቅ ብዙ ልጅ ያስተናግዳል። የኮንቴይነር ጭነት በአራቱ የማዕዘን ምሰሶዎች ላይ ስለሚያርፍ ሁለቱን መደራረብ ይቻላል፤ ሆኖም ጎኑ ሰፊ ሆኖ ሲከፈት ጣራው እንዳይረግብ፣ ከመቁረጣችሁ በፊት በክፍቱ ዙሪያ የቱቦላሬ ፍሬም ይበየድ። ቆርቆሮው በቀትር ፀሐይ እንደ ምጣድ ስለሚግል ከጣራው በላይ ክፍተት የተወለት ሁለተኛ ጣራ ያስፈልገዋል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት አንዳችሁ ውስጥ ግቡና ጓደኛችሁ በሩን ለአፍታ ይዝጋው። ዝገት የበላው ቦታ ሁሉ በጨለማው ውስጥ እንደ ኮከብ ያበራል፤ እያንዳንዱን በጠመኔ ምልክት አድርጉበት። ቀጥሎ በሩ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ አንብቡ። የኮንቴይነር የእንጨት ወለል ብዙ ጊዜ በፀረ ተባይ መድኃኒት የታከመ ሲሆን የመድኃኒቱ ስም እዚያ ላይ ይጻፋል። ሕፃናት የሚድሁበት ቤት ከሆነ ወለሉን አንስቶ መቀየር፣ ካልተቻለም በደንብ ማሸግ ይገባል። ለመቀመጫ በርሜል የምትፈልጉ ከሆነ የምግብ ዘይት የነበረበትን ምረጡ፤ ነዳጅ ወይም ቀለም ማቅጠኛ የያዘ በርሜል ባዶ ቢመስልም በውስጡ የቀረው ትነት የብየዳ እሳት ሲነካው ይፈነዳል።

የኮንቴይነር በር የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ነው፤ ድብብቆሽ የሚጫወት ልጅ ውስጥ እያለ ቢቀረቀር ከውስጥ ሊከፍተው አይችልም። በያጁ ግራይንደሩን ሲያነሣ መጀመሪያ የሚቆርጠው እነዚያን ረጃጅም መቀርቀሪያዎች ይሁን።