መልስ፦ ስበሳጭ የምጽፈው ኮድ ለምን ይበላሻል?

ሰላም። «ባግ (የፕሮግራም ስህተት) ሲያስቸግረኝ እበሳጫለሁ፤ ያን ቀን የጻፍኩት ኮድ በማግስቱ ይፈርሳል። ችሎታ አንሶኝ ነው ወይስ ስሜቴ ነው?» ላልከው፣ ስሜትህን አትናቀው። በ2014 (እ.ኤ.አ.) 42 የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ ደስተኞቹ ትንተና የሚጠይቅ ችግር በመፍታት በልጠው ተገኝተዋል፤ በፈጠራ ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ባግ ማደን ደግሞ ዞሮ ዞሮ ትንተና ነው።

የተናደደ ሰው ሦስት አራት ቦታ በአንዴ ይነካካል። ስህተቱ ቢጠፋ እንኳ የትኛው ለውጥ እንዳጠፋው አያውቅም። የባሰው ባዶ ካች (ስህተቱን ይዞ ምንም የማያደርግ ኮድ) ጽፎ ኤረሩን መዋጥ ነው፤ ፕሮግራሙ ዝም ይላል፣ የተበላሸው ዳታ ግን ዳታቤዝ ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ 30 ደቂቃ ያለ አዲስ ፍንጭ ካለፈ እጅህን ከኪቦርዱ አንሳ። የነካካኸውን በጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ መሣሪያ) ስታሽ ትእዛዝ ለጊዜው ወደ ጎን አስቀምጥና (አዲስ ፋይል ከፈጠርክ በራሱ አያካትተውም፣ ልብ በል) ሦስት መስመር ጻፍ፦ ምን ጠበቅሁ፣ ምን አየሁ፣ ምን ሞከርኩ። ብዙ ጊዜ ያልሞከርከው ነገር ሦስተኛው መስመር ላይ ብቅ ይላል። ከዚያ አንድ ለውጥ፣ አንድ ቴስት፣ አንድ ኮሚት (በጊት የተመዘገበ ለውጥ)። ቀድሞ ይሠራ ከነበረ አትገምት፤ ጊት ባይሴክት (ኮሚቶቹን ለሁለት እየከፈለ የሚፈልግ ትእዛዝ) ከ1,000 ኮሚት መካከል እንኳ በ10 ሙከራ ገደማ ጥፋተኛውን ያወጣልሃል።

በንዴት የተጻፈውን ማታውኑ ሜርጅ አታድርግ (ከዋናው ኮድ ጋር አትቀላቅል)፤ ጠዋት ዲፉን (የተለወጡትን መስመሮች) አንብበው። ሪቪው (የሌላ ሰው ኮድ ስትገመግም) ላይም «ይህን ማን ጻፈው?» ከማለት «ይህ መስመር ነል (ባዶ እሴት) ሲመጣ ይወድቃል» ማለት ይሻላል። የተሸማቀቀ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ስህተቱን ይደብቃል።